ነጭ ሽንኩርት የላጠችው እንግዳ

ሰው ጭቃ መሃል እያለ ራሱን ቢስት፣ ባሕሩም የሚመለስበት ሰዓት ቢደርስ፣ ማን ተሸክሞ ያወጣዋል?

ማክሱን ሰሞኑን ሌላ ሐሳብ አልነበራትም። ጎመን ስታጥብ ይህንኑ፣ ዓሣ ገመድ ላይ ስታሰጣ ይህንኑ፣ ቴሌቪዥን ላይ የአየር ጠባይ የምትናገረዋን ልጅ እያየች ይህንኑ ታስባለች። ማንን ታማክር? ነገሩ የሚነገር አይደለማ። የልጅ ልጇ ቴጉን "ለማንም እንዳትነግሪ" ብሏት፣ እሷም "በጥርሴ ይዤዋለሁ" ብላ ምላለታለች።

ቴጉንን ያሳደገችው እሷ ናት። እናትና አባቱ ከተማ ፋብሪካ ገቡ፣ ከዚያ ተለያዩ፣ በየፊናቸው ሌላ ትዳር ሲይዙ ልጁ እሷ ዘንድ ቀረ። ዛሬ ከአርባ አልፎ ከጆሮው በላይ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል። ግን አሁንም ወደ በረንዳ ለመውጣት ጫማውን ሲያደርግ እንኳ "እማዬ፣ ሄጄ እመጣለሁ" ይላል። እዚያ ቤት ይህ ሳይባል ደጃፉን የሚሻገር ሰው ኖሮ አያውቅም። የሞተው ባሏም ለጥርብ ድንጋይ ሥራ ሲሄድ፣ ጎረቤት ለመጣላት ሲሄድም ይላት ነበር።

ቴጉን ዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊና አካባቢ ጥናት ያስተምራል። "የትኛው ዩኒቨርሲቲ?" የሚል ሰው ሲመጣ ነው ማክሱን ወሬ የምትቀይረው። ሰኞና ማክሰኞ አንዱ ጋ ነው፣ ረቡዕ ሌላ ከተማ፣ ሐሙስና ዓርብ ደግሞ ከዚያም ርቆ ሦስተኛው ጋ። አንዱም ዘንድ የራሱ ጠረጴዛ የለውም። መጻሕፍቱ፣ ካርታዎቹ፣ የጭቃ ቦት ጫማው፣ ትራሱ ሳይቀር መኪናው ኋላ ተጭኖ ይዞራል። እንዲህ በሰዓት የሚያስተምሩትን ሰዎች "ጥቅል ነጋዴ" ይሏቸዋል፤ ሸቀጧን በጨርቅ ቋጥራ ከመንደር መንደር ትዞር እንደነበረች የድሮ ሴት ማለት ነው። የትምህርት ዘመኑ ሲያልቅ ለሚቀጥለው ይጥሯቸው አይጥሯቸው የሚያውቅ የለም። ስልክ ከተደወለ ተጠርተዋል፣ ካልተደወለ አልተጠሩም።

ይህን መንደርተኛው ሁሉ ያውቃል። በተለይ ጎረቤቷ የሚሬ እናት ታውቃለች።

"እትዬ ማክሱን፣ ቴጉን አሁንም ጥቅል ነጋዴ ነው?"

"መምህር ነው።"

"መምህርማ መምህር ነው። እኔ የምልሽ ሱቅ ከፈተ ወይ?"

"አንቺ የባልሽን ሱቅ ጠብቂ። አይጥ ጨረሰው ሲሉ ሰምቻለሁ።"

እንዲህ ይባባላሉ እንጂ ክፉ ሴት አይደለችም። የማክሱን ጭንቀት ሌላ ነው።

የቼሪ ዛፎች ባበቡ ሰሞን ቴጉን ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ምሳ ሳይበላ ሲከንፍ፣ መንገድ ዳር የመኪና ማረፊያ ላይ ዘፍ ብሎ ወደቀ። አብሮት የነበረው ዱሆ ነው። ዱሆ እንደ እሱ በሰዓት የሚያስተምር፣ ነዳጅ ለመቆጠብ በአንድ መኪና አብሮት የሚመላለስ፣ ወላጆች የሌሉት ጓደኛው ነው። አንስቶ፣ ኮቱን አልብሶ፣ ሐኪም ቤት ያደረሰው እሱ ነው። ሐኪሙ ልቡ አንዳንዴ ምቷን ትስታለች፣ መድኃኒት ይውሰድ፣ ደግሞ ይተኛ አለ። መድኃኒቱን ይወስዳል። እንቅልፉን ማን ይስጠው?

ይህን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ቴጉን፣ ዱሆና ማክሱን። ምክንያቱም ዘንድሮ ከሦስቱ ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ፣ ሰኞና ማክሰኞ በሚያስተምርበት፣ አንድ ቋሚ ቦታ ተከፍቷል። ክረምት ላይ በረዶው ሲጥል ይወስናሉ። ስንት ዓመት የጠበቀው ነገር ነው።

"እማዬ፣ ታማሚ ነው ከተባልኩ አበቃ። ቋሚው ቦታ ይቅር፣ በሰዓት ያለችኝንም ይነጥቁኛል። ከኔ ወዲያ የሚጠብቅ ሰልፍ ነው።"

"በጥርሴ ይዤዋለሁ" ያለችው ያኔ ነው።

በዚህ መሃል የመከሩ የመስክ ትምህርት ደረሰ። ቋሚው ቦታ የተከፈተበት የትምህርት ክፍል በየዓመቱ ቅጠል ሲቀላ ተማሪዎቹን አውቶቡስ ላይ ጭኖ አንድ ቦታ ይወስዳል። ዘንድሮ ቴጉን መንደሩን መረጠ። የባሕሩ ግድብ ከተሠራ ወዲህ ጭቃው እንዴት እንደተለወጠ፣ ዛጎሉ ለምን እንደሸሸ እዚያው ጭቃው ላይ አቁሞ ሊያስተምራቸው ነው። ደውሎ ነገራት።

"እማዬ፣ ምንም እንዳታዘጋጂ። ምሳቸውን ይዘው ነው የሚመጡት። ግቢያችን ውስጥ እግራቸውን ከታጠቡ ይበቃል።"

"የትምህርት ክፍሉ ኃላፊም ይመጣሉ ብለኸኝ የለ?"

"ይመጣሉ። ስጦታ የሚባል ነገር እንዳታስቢ። ዛሬ ሕግ አለ፣ አስተማሪ አንዲት ጣሳ ቡና እንኳ አይቀበልም።"

"ዓሣ ስጦታ ነው?"

"እማዬ!"

"እሺ ምንም አላዘጋጅም አልኩህ። ምን ያስጮህሃል?"

ስልኩን ዘግታ ዓሣ በጨው መደርደር ጀመረች።

ሐሳቧ ግን ዓሣው ላይ አልነበረም። ባሕሩ ሲሸሽ እስከ አድማስ ጭቃ ነው፤ ሲመለስ ደግሞ ፈረስ አይቀድመውም። ተማሪዎቹ ከተማ ያደጉ ልጆች ናቸው፣ ጭቃው እስከ ጉልበት ሲውጣቸው የሚስቁ። ቴጉን እዚያ መሃል ቢወድቅ ልጆቹ መጀመሪያ ፎቶ ያነሳሉ። ከዚያ ይጮኻሉ። ከዚያስ? ዱሆ እንደሁ በዚያ ቀን ሌላ ከተማ ክፍል አለው፣ አይመጣም።

አውቶቡሱ ረፋዱ ላይ ደረሰ። ማክሱን ከበር ሆና አየች። ልጆቹ እየተንጫጩ ወደ ግድቡ ወጡ። ቴጉን ድምፅ ማጉያ ይዞ ከፊታቸው ነው፣ ጠቆር ከሳ ብሏል። ከሁሉ ኋላ አንድ ሰውዬ ወረደ። ጠጉሩ ጥጥ የመሰለ፣ ከረባት ያሰረ፣ ነጭ ጓንት ያጠለቀ ሰው። ጓንቱን ጣት በጣት አወለቀና እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ባሕሩን ይመለከት ጀመር። እንዲህ ያለ ግርማ ያለው ሰው ኃላፊ ካልሆነ ማን ሊሆን ነው?

ቴጉን ደግሞ ሰውየውን ነፋስ ላይ ጥሎት ሄዷል! ይሄ ልጅ መቼ ነው ሰው መያዝ የሚያውቀው?

"ይግቡ፣ ይግቡ! ይሄ ነፋስ አጥንት ይሰብራል።"

"እኔን ነው? እኔ እንኳ እዚሁ አውቶቡሱ ጋ..."

"ኧረ በሞቴ!"

ክንዱን ይዛ አስገባችውና ወለሉ ከስር ከሁሉ የበለጠ በሚሞቅበት ጥግ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ማንም ባልተቀመጠበት ምንጣፍ ላይ አስቀመጠችው። ሰውዬው የሆነ ነገር ለማለት አፉን ሲከፍት የተጠበሰውን ዓሣ ከፊቱ አደረገች። ትልቁን።

"እማማ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ፣ እኔ..."

"መጀመሪያ ይቅመሱ። ለወሬው እንደርሳለን።"

ሰውዬው ቀመሰ። ከዚያ በኋላ ለመናገር የነበረው ጉጉት ቀነሰ።

ማክሱን ወጥ ቤት ተመልሳ ስትሯሯጥ አንዲት ሴት በጓሮ በር በኩል ብቅ አለች። ቦት ጫማ አድርጋለች፣ ኮፍያዋ እስከ ቅንድቧ ወርዷል፣ ጉንጯ ነፋስ መትቶት ቀልቷል።

"እማማ፣ ውሃ ቢሰጡኝ ብዬ..."

"እግዜር ነው ያመጣሽ! ጠጪና እጅሽን ታጠቢ፣ ይሄን ነጭ ሽንኩርት ላጪልኝ። ሌሎቹ ልጆች ዕቃ የሚሰብሩ ነው የሚመስሉት፣ አንቺ ሰከን ያልሽ ነሽ።"

ሴቲቱ ቆም አለች። ከዚያ ሳቀች፣ እጅጌዋን ጠቀለለች፣ ዱካው ላይ ተቀመጠች። አላላጧም ያማረ ነበር፤ ቢላዋውን ስትይዝ የጨዋ ልጅ መሆኗ ታወቀ።

"ተማሪ ነሽ? ዕድሜሽ ትንሽ ገፋ ብሏል።"

"መማር አያልቅም እማማ።"

"እሱስ ልክ ነሽ። ባል አለሽ?"

"የለኝም።"

"የኔውም የለውም።" ማክሱን በአገጯ ወደ ግድቡ ጠቆመች። "አስተማሪሽ መሆኑ ነው እንጂ ክፋቱ። ደህና ያስተምራል?"

"ጎበዝ ነው። ልጆቹ የሱን ክፍል ቀድመው ነው የሚመዘገቡት።"

"ኃላፊያችሁስ እንዴት ያሉ ሰው ናቸው?"

ሴቲቱ ሽንኩርቷን ገለበጠች። "ግትር ናቸው ይሏቸዋል።"

"እኔ አልመሰለኝም። ዓሣ ሲበሉ አየኋቸው፣ አጥንቱን ዳር ዳር በወጉ ነው የሚደረድሩት። እንዲህ ያለ ሰው ክፉ አይሆንም።"

ሴቲቱ አንገቷን ሰገግ አድርጋ በተገለጠው በር ወደ ክፍሉ አየች። ጥጉ ላይ የተቀመጠውን ሰው ስታይ ከንፈሯን ነከሰች። ማክሱን ሳቋን እንዳፈነች አየች፣ ግን የወጣት ሳቅ ምክንያት አያጣም ብላ አለፈችው። የምታየው የሴቲቱን ክንድ ነበር። ጠንካራ ክንድ ነው።

"ጉልበት አለሽ መሰለኝ።"

"ተራራ መውጣት እወዳለሁ።"

"እንግዲያስ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ከዚህ ወጥ ቤት ግን እንዳይወጣ።"

ቢላዋው ቆመ። "እማማ፣ ምስጢር ከሆነ ለኔ ባይነግሩኝ ይሻላል።"

"ለማን ልንገር ታዲያ? ለዓሣው?"

እዚህ ላይ ዝም ብትል ኖሮ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ይቆም ነበር። ግን ያ ጥያቄ ስንት ቀን ደረቷ ላይ ተቀምጦ ኖሯል። ተናገረች። ስለ መኪና ማረፊያው፣ ስለ ሐኪሙ፣ ልቡ ምት ስለመሳቷ፣ ሁሉንም። "አደራሽን፣ ጭቃው ላይ ከጎኑ እንዳትርቂ። የባሕሩ መመለሻ ሲቃረብ ያዝ አድርጊው። ቢወድቅ አንቺ ታነሺዋለሽ። ደግሞ ለኃላፊው እንዳትናገሪ። ቋሚ ቦታ ሊወዳደር ነው፣ ከሰሙ አበቃለት።"

ሴቲቱ አንዱን ላጠች፣ ሌላውን አነሳች።

"ለኃላፊው መንገር አያስፈልገኝም" አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ።

ማክሱን እፎይ አለች። ከብዙ ቀን በኋላ ትንፋሿ እስከ ሆዷ ወረደ።

ወዲያው ልጆቹ ግቢውን ሞሉት። ቴጉን ጫማውን አውልቆ ገባና ወጥ ቤቱ በር ላይ እንደ እንጨት ደረቀ።

"ፕሮፌሰር ናም! እዚህ ምን እያደረጉ ነው?"

"ነጭ ሽንኩርት እየላጥኩ።"

ማክሱን ፕሮፌሰር ናም የተባሉትን ሰው ፍለጋ ዞር ብላ ጥጉን አየች። ጥጉ ላይ ያለው ሰው ጉርሻውን እንደምንም ዋጠ።

"እኔ ባንግ ነኝ እማማ፣ ሹፌሩ። ልነግርዎ ነበር፣ ዓሣው ቀደመኝ።"

ልጆቹ በሳቅ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። አንዱ "ሹፌራችን ፕሮፌሰር ሆኑ! ፈተናውን እሳቸው ያርሙልን!" አለ። ሌላዋ "ኃላፊያችን ፕሮፌሰር ናምም ሙያ አላቸው ለካ!" አለች። ናም ራሷ እንባዋ እስኪወጣ ሳቀች። ቴጉንም ደንግጦ ደንግጦ ኋላ ላይ ሳቀ።

ማክሱን ብቻ ቢላዋውን ልትቀበላት ጎንበስ አለች።

"ይነሱ... እባክዎ ይነሱ። እጅዎ... እኔ ዓይኔ..." አንቺ ስትላት የቆየችውን ሴት እንዴት አድርጋ እንደምታከብር ጠፋት።

"ይተዉት እማማ። ጥቂት ነው የቀረኝ።" ናም አልተነሳችም። የቀረውን ልጣ ጨረሰች።

ከምሳ በኋላ ባሕሩ ሸሸ፣ ወደ ጭቃው ወረዱ። ማክሱን ግድቡ ላይ ቆመች። የሚሬ እናት ሹራቧን ጠቅልላ አጠገቧ መጣች። ቴጉን ጭቃውን በእጁ እያነሳ ያሳያል፣ ልጆቹ ይጽፋሉ፣ ይወድቃሉ፣ ይነሳሉ። ናም ከጎኑ ናት። ወደ ግራ ሲሄድ ወደ ግራ፣ ሲያጎነብስ ታጎነብሳለች። እጇን ብትዘረጋ ከምትደርስበት በላይ አንድ ጊዜም አልራቀችም።

"ያቺ ማን ናት እትዬ? ከቴጉን አልለይ አለች እኮ። ሰርግ ልንበላ ነው?"

"ዝም በይ።"

"ምን አልኩ?"

"ዝም በይ አልኩሽ፣ ቀዝቃዛ ነፋስ ይገባብሻል።"

ቴጉን ምንም አልሆነም። ባሕሩ ከመመለሱ በፊት ሁሉም ወጡ። እግራቸውን ሲታጠቡ ናም ወደ ማክሱን መጥታ ሁለት እጇን ያዘች። ጣቶቿ ነጭ ሽንኩርት ይሸታሉ።

"ስለ ምሳው አመሰግናለሁ እማማ። ስለ ሌላው ነገር... ማን እንደነገረኝ ለማንም አልናገርም። ቃሌ ነው።"

ማክሱን ዝቅ ብላ ሰገደች። ያን ጊዜ የሰማችው "አልናገርም" የሚለውን ብቻ ነበር። ሴቲቱ ምን እንደማትናገር አጥርታ የመዘነችው በኋላ ነው፣ ሲረፍድ።

በማግስቱ ቴጉን ደወለ። ድምፁ እንዲህ ሲያበራ ከሰማችው ቆይታለች።

"እማዬ፣ ሴትዮዋ አንድ አፍታ አልተለየችኝም! ስለ ግድቡ፣ ስለ ጭቃው፣ ስለ ዛጎሉ፣ ያልጠየቀችኝ የለም። ከዚህ በፊት መተላለፊያ ላይ ስታገኘኝ ሰላምታ ሰጥታ ነበር የምታልፈው። ወጥ ቤት ምን ብለሽ ነው የያዝሻት?"

"ምንም።"

"ምን አወራችሁ ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ?"

"ስለ ነጭ ሽንኩርት።"

"ስለ ነጭ ሽንኩርት ያን ያህል ይወራል?"

"ዘንድሮ ነጭ ሽንኩርት ብዙ ወሬ አለው።"

ሳቀ። እሷም ሳቀች፣ ስልኩን ከጆሮዋ ራቅ አድርጋ።

ከዚያ ወዲያ መጠበቅ ነው። ለክረምት የተቀመመው ጎመን በማሰሮ ተቀበረ፣ በረዶ ጣለ፣ የግድቡን ድንጋይ ጨው ነጭ አለበሰው። ማክሱን አንድ ቀን ተስፋ ታደርጋለች፤ ሴቲቱ ቃሏን ሰጥታለች፣ ጨዋ ናት፣ ከጎኑ ቆማ ውላለች። በማግስቱ ደግሞ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ትላለች። ለቴጉን ልትነግረው ስልኩን ታነሳለች፣ "ዛሬ ሞቅ ያለ ልበስ" ብላ ትዘጋዋለች።

በአዲስ ዓመት ዋዜማ መጣ። መኪናውን አቁሞ ሞተሩን ካጠፋ በኋላ ብዙ ቆይቶ ነው የወረደው። በመስኮት አየችው፣ መሪውን እንደያዘ ተቀምጦ ነበር።

በማለዳው በወጉ ሰገደላት፣ እሷም መረቀችው። የሩዝ ቂጣ ሾርባውን አሙቃ ሦስት ጎድጓዳ ሳህን ደረደረች። ዱሆ በየዓመቱ ለአዲስ ዓመት እሷ ዘንድ ነው የሚመጣው፤ የሚሰግድለት ሌላ ሽማግሌ የለውም። ሲሰግድ ግንባሩን መሬት ላይ ጓ ያደርግና "እማማ፣ ምርቃቱን በኪሎ ጨምሩልኝ" ይላታል። ሾርባውን ደግሞ ደግሞ የሚጠጣ ልጅ ነው።

ቴጉን ሳህኖቹን አየ። "ሁለት ይበቃል።"

"ዱሆስ?"

"አይመጣም። እንዳይመጣ ነግሬዋለሁ።"

"ተጣላችሁ?"

ማንኪያውን አነሳ፣ አስቀመጠው።

"ቦታውን ለሌላ ሰው ሰጡት" አለ። "እሱ ይሁን። ውድድር ነው፣ ሌላ ሰው ይበልጠኛል። ግን የባሕር ዳርቻውን ትምህርትም ወሰዱብኝ። ከመጋቢት ጀምሮ ሌላ ልጅ ነው የሚይዘው። ናም ጠርታ ነገረችኝ። ሻይ ቀድታልኝ፣ በደግነት። 'ልብህን ጠብቅ፣ ተማሪ ይዞ ጭቃ ላይ መውጣት ከባድ ኃላፊነት ነው፣ አንድ ነገር ብትሆን ራሴን ይቅር አልልም' አለችኝ። ምን ልበላት? እውነቷን ነው።"

ማክሱን ጭልፋውን እንደያዘች ቀረች።

"ማን ነገረዎት አልኳት። ቃል ሰጥቻለሁ፣ አልናገርም አለች። መናገርም አያስፈልጋት። መንገድ ዳር ስወድቅ ያነሳኝ ማን ነው? እሱም ለቦታው አመልክቶ ነበር።"

"ዱሆ?"

"እኔ አይደለሁም አለ። አለቀሰ። ሌላ ምን ሊል ነው?" ቴጉን ፈገግ ለማለት ሞከረ፣ አልሆነለትም። "ስንት ዓመት በአንድ መኪና የዞርን ሰዎች፣ እማዬ። የሱን ካልሲ ስንት ጊዜ አድርጌአለሁ። አሁን አውቶቡስ ነው የሚይዘው አሉ።"

ማክሱን ወደ ምድጃው ዞረች። ሾርባው እየፈላ ነበር፣ እሳቱን ቀነሰች። ዝም ብትልስ? ቴጉን እሷን አልጠረጠረም። "ስለ ነጭ ሽንኩርት" ብላዋለች፣ አምኗል። ዱሆ ወጣት ነው፣ ሌላ ጓደኛ ያገኛል። እሷ ሌላ ቴጉን ከየት ታገኛለች? በዚህ ዕድሜዋ፣ በዚህ ክረምት፣ ብቻዋን? ልጁስ አሁን ይህን ቢሰማ ልቡ... ሐኪሙ አትናደድ ብሎት የለ? ዝም ማለት እሱንም መጠበቅ ነው።

ከዚያ ዱሆ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆሞ ታያት። የማንን ሾርባ ይጠጣል ዛሬ?

ሦስተኛውን ሳህን አንስታ እስከ አፉ ሞላችው። የተጠበሰ የእንቁላል ቁራጭ ጣል አደረገችበት፣ ዱሆ እንደሚወደው አብዝታ። አምጥታ በባዶው ቦታ ፊት አስቀመጠችው።

"እማዬ፣ አይመጣም አልኩሽ እኮ።"

"ስለ ነጭ ሽንኩርት አልነበረም" አለች።

"ምኑ?"

"ወጥ ቤት ያወራነው። እኔ ነኝ የነገርኳት። ተማሪ መስላኝ ነው። ጭቃው ላይ ቢወድቅ ማን ያነሳዋል ብዬ፣ ባሕሩ ይመለሳል ብዬ። ክንዷ ጠንካራ ነበር። ከጎኑ አትራቂ ብዬ ለመንኳት። ለኃላፊው እንዳትነግሪ ብዬ ለራሷ ለኃላፊዋ ነገርኳት። ያን ቀን ከጎንህ ያልራቀችው እኔ ብያት ነው።"

ቴጉን ቀና ብሎ አያት። ቁጣ ትጠብቅ ነበር። ፊቱ ላይ ያየችው ግን ያን የጭቃ ቀን እንደገና ከመጀመሪያው ሲያየው ነው፤ ሴትዮዋ ስትጠይቀው፣ እሱ ሲያስረዳ፣ ስታጎነብስ፣ ሲደሰት። ጆሮው ቀላ።

"ስደበኝ" አለች። "የፈለግከውን በለኝ፣ ዝም አትበለኝ እንጂ። መድኃኒትህን ዋጥክ?"

ቴጉን ማንኪያውን ወደ ጎን ገፋ። የራሱን ሾርባ እንኳ አልነካውም። ተነስቶ ኮቱን ለበሰ። ከዚያ ወጥ ቤት ገባና ከመደርደሪያው ክዳን ያለውን ጣሳ አወረደ። የዱሆን ሳህን አነሳ፣ ጠብ ሳያደርግ ጣሳው ውስጥ ገለበጠው፣ ክዳኑን ጫነ፣ ማክሱን ዓሣ የምትቋጥርበትን ሰማያዊ ጨርቅ ከመስቀያው ስቦ ዙሪያውን ጠቀለለው።

ማክሱን አፏን ከፈተች። የሩዝ ቂጣ መንገድ ላይ ይላሽቃል፣ መረቁን ለብቻ ያዘው፣ መንገዱ በረዶ ነው፣ ቀስ ብለህ ንዳ፣ ይህን ሁሉ ልትል ነበር። በእጇ አፏን ያዘች።

ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጫማውን አሰረ። አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። ተነሳ። ጀርባውን እያየች ያቺን ሁልጊዜ የሚላትን "ሄጄ እመጣለሁ" ጠበቀች። ቴጉን ጥቅሉን በሁለት እጁ አቅፎ፣ በሩን በክርኑ ገፍቶ፣ ምንም ሳይናገር ወጣ።